የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ቡድን የ2016 አድማ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ነገሩ ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል፣ ጥያቄው ግን አላለቀም። የቡድን ጓደኞችህ በሥነ ምግባር ጥሰት ሲታገዱ አንተ ምን ታደርጋለህ? የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቾች በዲሴምበር 2016 የሰጡት መልስ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር አነጋግሯል። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ብዙ ሐበሻ የሚኖርባቸው ከተሞች ናቸው፣ የዩኒቨርሲቲው አንዱ ግቢም የምሥራቅ አፍሪካ ስደተኞች ከሚበዙበት ከሲዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ጋር ጎን ለጎን ነው። ስለዚህ ወሬው ለኛም ሩቅ አይደለም።

ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የታገዱትን ተጫዋቾች ስም አልጠራም፣ የወንጀል ክስ አልተመሠረተባቸውምና። የተማሪዋም ማንነት እዚህ አይነሳም።

መጀመሪያ ምን ተፈጠረ?

ሴፕቴምበር 1 ቀን 2016 ቡድኑ የዓመቱን የመጀመሪያ ጨዋታ ከኦሪገን ስቴት ጋር ተጫውቶ አሸነፈ። በዚያው ሌሊት ከግቢ ውጭ ባለ አንድ አፓርታማ ውስጥ የቡድኑ አባላት የነበሩባቸው ብዙ ወንዶች ጥቃት እንደፈጸሙባት አንዲት ተማሪ ለፖሊስ አመለከተች። ተጫዋቾቹ በፈቃዷ ነው አሉ። አራቱ ለተወሰኑ ጨዋታዎች ከሜዳ ራቁ። ከዚያ ኦክቶበር 3 ቀን የሄነፒን ካውንቲ ዐቃቤ ሕግ ማይክ ፍሪማን ለወንጀል ክስ የሚበቃ ማስረጃ የለም ብሎ መዝገቡን ዘጋ፣ ልጆቹም ተመለሱ።

ብዙ ሰው ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ መሰለው። ተጫዋቾቹም ጭምር።

ዐቃቤ ሕግ ካልከሰሰ ዩኒቨርሲቲው በምን ሥልጣን ያግዳቸዋል?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይሄ ነው፣ ግራ ማጋባቱም እውነት ነው። ፖሊስና ዩኒቨርሲቲ የሚመረምሩት ሁለት የተለያየ ጥያቄ ነው። ዐቃቤ ሕጉ የሚጠይቀው «ይህን ጉዳይ ፍርድ ቤት ወስጄ ከበቂ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳት እችላለሁ ወይ?» ብሎ ነው። እስር ያለበት ነገር ስለሆነ መለኪያው በጣም ከባድ ነው። «አልችልም» ማለቱ «ምንም አልተፈጸመም» ማለት አይደለም፣ «ተፈጽሟል» ማለትም አይደለም።

ዩኒቨርሲቲው ደግሞ በ1972 በወጣው ታይትል ናይን በሚባለው ሕግ የራሱ ግዴታ አለበት። ሕጉ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የትምህርት ተቋም ውስጥ በፆታ ምክንያት አድልዎ እንዳይኖር ይከለክላል፣ ፆታዊ ጥቃትም በዚያ ሥር ይታያል። በ2011 የትምህርት ሚኒስቴሩ ለኮሌጆች በጻፈው ደብዳቤ እንዲህ ያለ አቤቱታ ሲመጣ የፖሊስን ውጤት ሳትጠብቁ መርምሩ፣ መለኪያችሁም የማስረጃ ሚዛን ይሁን አላቸው። ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ትንሽ እንኳ ካጋደለ ይበቃል ማለት ነው። አንዱ መለኪያ ነፃነትን ይነጥቃል፣ ሌላው ግቢ ውስጥ የመማር ዕድልን። ስለዚህ በአንድ ጉዳይ ላይ ሁለት የተለያየ መልስ መምጣቱ ሥርዓቱ የሚያውቀው ነገር ነው።

ይህን ግን ለ20 ዓመት ወጣት አስቀድሞ ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። አብዛኛው ተጫዋች «ዐቃቤ ሕግ ነፃ ብሎናል» ብሎ ነበር የሚያስበው።

እገዳው ራሱ ምን ነበር?

ዲሴምበር 13 ቀን የአትሌቲክስ ዳይሬክተሩ ማርክ ኮይል 10 ተጫዋቾችን ላልተወሰነ ጊዜ ከቡድኑ አገደ። ከጀርባው የዩኒቨርሲቲው የእኩል ዕድል ጽሕፈት ቤት ያካሄደው ምርመራና 80 ገጽ ያህል ሪፖርት ነበር። ጽሕፈት ቤቱ አምስቱ እንዲባረሩ፣ አራቱ ለአንድ ዓመት ከትምህርት እንዲታገዱ፣ አንዱ በማስጠንቀቂያ እንዲቆይ ሐሳብ አቀረበ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተቀላቅሏል። ከቡድን መታገድ የአትሌቲክስ ክፍሉ ውሳኔ ነው፣ ወዲያው ይሠራል። ከትምህርት መባረር ግን ሐሳብ ብቻ ነበር። ተማሪው ጉዳይ ሰሚ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ይከራከራል፣ ከዚያም ይግባኝ አለው። ውጭ ያለ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ «ሳይሰሟቸው ፈረዱባቸው» አለ። ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም። ሙሉ በሙሉ ስህተትም አይደለም፣ ምክንያቱም የአንድ ኮሌጅ ተጫዋች ስም በጠቅላላ አገር ከተነሳ በኋላ ችሎቱ በጃንዋሪ ቢደርስ ምን ዋጋ አለው?

ታዲያ የቀሩት ተጫዋቾች ምን አሉ?

ዲሴምበር 15 ሐሙስ ማታ ቡድኑ በሙሉ ማሊያውን ለብሶ ካሜራ ፊት ቆመ። ኳስ ተቀባይ ሆኖ የሚጫወተው ድሩ ዎሊታርስኪ መግለጫውን አነበበ። ጓደኞቻችን ፍትሐዊ ሂደት እስኪያገኙና እገዳው እስኪነሳ ድረስ ልምምድም ጨዋታም የለም፣ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ኤሪክ ኬለርና ኮይልም ይቅርታ ይጠይቁን አሉ።

ጊዜው ቀላል አልነበረም። ቡድኑ ዲሴምበር 27 ሳንዲዬጎ ላይ ከዋሽንግተን ስቴት ጋር የሆሊዴይ ቦውል ጨዋታ ነበረው። ቦውል ማለት ለኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋች የዓመት ልፋቱ ሽልማት ነው። ለተመራቂዎቹ የመጨረሻ ጨዋታቸው ነበር። ያንን ለመተው መዘጋጀት እንዲሁ ጉራ አይደለም፣ ዋጋ መክፈል ነው፣ እኔም ያንን ማክበር አይከብደኝም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለን ያደግን ሰዎች ደግሞ እንዲህ ያለው መተባበር ልባችንን ይነካዋል። ችግሩ ገመዱን የጠመጠሙት ያላነበቡት ሪፖርት ላይ መሆኑ ነው።

ለምን አላነበቡትም? ማንስ ሊነግራቸው ይችል ነበር?

በ1974 የወጣ የተማሪዎችን መረጃ የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ አለ። ዩኒቨርሲቲው የአንድን ተማሪ የዲሲፕሊን ፋይል ያለ ፈቃዱ ለሌላ ተማሪም ለጋዜጠኛም ማሳየት አይችልም። ስለዚህ ኬለርና ኮይል ተጫዋቾቹን ሰብስበው ሲያነጋግሩ «ማለት የምንችለው የለም፣ እመኑን» ከማለት ሌላ ብዙ አማራጭ አልነበራቸውም።

ይሄ መልስ ግን ሰው አያረካም። ወንድሜ ብለህ አብረኸው የምትበላው ልጅ ቁልፉን ተነጥቆ ሲወጣ ታያለህ፣ ለምን ብለህ ስትጠይቅ ሕግ አይፈቅድም ትባላለህ። ከታገዱት ልጆች የሰማኸው ደግሞ አንድ ወገን ብቻ ነው። ያ ዝምታ ቁጣ ወለደ። አስተዳደሩ ዝርዝሩን መናገር ባይችልም ሂደቱን ማስረዳት ይችል ነበር፤ ማን እንደሚወስን፣ መቼ ችሎት እንዳለ፣ የቡድን እገዳ ከመባረር በምን እንደሚለይ። ይህ የማንንም ምስጢር አይነካም።

አሰልጣኙስ?

ትሬሲ ክሌይስ አድማው በታወጀበት ሌሊት ትዊተር ላይ በልጆቻችን እንዲህ ኮርቼ አላውቅም፣ የተሻለ ዓለም ለመፍጠር የሚያደርጉትን ጥረት እደግፋለሁ የሚል መልእክት ለጠፈ።

ስለዚህ ትዊት ብዙ ሰው «ልጆቹን መደገፉ ምን ጥፋት አለው?» ብሎ ይጠይቃል። መደገፉ ጥፋት የለውም። አሰልጣኝ ለነዚህ ልጆች እንደ አባት ነው፣ ቤታቸው ሄዶ እናታቸውን «አደራ ለኔ ስጡኝ» ብሎ ነው ያመጣቸው። ነገር ግን አባት የሚባል ሰው ልጆቹ በስሜት ሲነሱ የሚያረጋጋ፣ «ቆይ፣ ሌላውን ወገን ሳትሰሙ እንዲህ ያለ ነገር አትናገሩ» የሚል ነው። በዚያ ሌሊት አንዲት ሴት ተማሪ ያንን ትዊት ታነባለች። የዩኒቨርሲቲው ደመወዝተኛ የሆነ ሰው የሷን ጉዳይ ተቃውመው የወጡ ልጆች የተሻለ ዓለም እየሠሩ ነው ሲል ታያለች። ክሌይስ ቆይቶ ለፆታዊ ጥቃት ሰለባዎች የሚሆን 50,000 ዶላር ለመስጠት ቃል ገባ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ ግን ቀድሞ የተባለው ተብሏል።

የዩኒቨርሲቲው የበላይ ቦርድ አባላት ያስጠኑትና በ2017 የወጣው የገለልተኛ ጠበቆች ሪፖርትም አድማው እዚያ እንዲደርስ ካደረጉት ነገሮች አንዱ የአሰልጣኞቹ ደካማ አመራር ነው ብሏል። በእገዳው ላይ ግን ኬለርና ኮይል ተገቢውን አድርገዋል የሚል ነበር ግኝቱ።

አስሩም ጥቁሮች ነበሩ ይባላል። ነገሩ ዘር የለበትም?

አዎ፣ አስሩም አፍሪካዊ አሜሪካውያን ነበሩ፣ ይህን ዘሎ ማለፍ አይቻልም። በአሜሪካ ታሪክ ውስጥ ጥቁር ወንድን በእንዲህ ያለ ውንጀላ ያለ ፍርድ የማጥፋት ረጅምና አሳፋሪ ምዕራፍ አለ። የተጫዋቾቹ ወላጆች ያንን ያስታውሳሉ። ልጁን በሚኒያፖሊስ የሚያሳድግ ሐበሻ ወላጅም ፖሊስ ልጁን ሲያስቆመው የት አገር ተወለድክ ብሎ እንደማይጠይቀው ያውቃል። ስለዚህ ችሎቱን የሚያዩት ሰዎች እነማን ናቸው የሚለው ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነበር፣ ተጫዋቾቹም አድማውን ሲያቆሙ ካገኟቸው ማረጋገጫዎች አንዱ ሰሚው ኮሚቴ ስብጥር ያለው እንደሚሆን ነው።

ግን ያ ፍርሃት የተማሪዋን ቃል ሐሰት አያደርገውም። ሁለቱ ጥያቄዎች ለየብቻ መታየት ይችላሉ፣ አለባቸውም።

አድማው ለምን በሁለት ቀን ቆመ?

ዲሴምበር 16 ኬ ኤስ ቲ ፒ የተባለው የአካባቢው ቴሌቪዥን ሪፖርቱን አግኝቶ ይፋ አወጣው። ተጫዋቾቹም ሌላውም ሕዝብ የተማሪዋን ቃል በዝርዝር ያነበበው ያኔ ነው። ማንበብ ይከብዳል። በዚያው ማታ ተጫዋቾቹ ከኬለርና ከቦርድ አባላት ጋር እስከ ሌሊት ተነጋገሩ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ዲሴምበር 17፣ ዎሊታርስኪ እንደገና ማይክ ፊት ቆመ። የአስሩ እገዳ እንደማይነሳ ተረድተናል፣ ፍትሐዊ ችሎት እንደሚያገኙ ቃል ተገብቶልናል፣ ወደ ልምምድ እንመለሳለን አለ። በሴቶች ላይ የሚደረግ ትንኮሳና ጥቃት በግቢያችንም በቡድናችንም ቦታ የለውም የሚል ቃልም በዚህ መግለጫ ውስጥ ነበር።

ስለ ተማሪዋ ማን ተናገረ?

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማንም አልተናገረም ማለት ይቻላል። ሐሙስ ዕለት የመግለጫው ክብደት በሙሉ የታገዱት ላይ ነበር። የአሰልጣኙ ትዊት ስለ ተጫዋቾቹ ነበር። የስፖርት ጣቢያዎቹ ጥያቄ ቦውሉ ይቀራል ወይስ አይቀርም የሚል ነበር። እሷ በዚያው ግቢ ትማራለች፣ ፈተና የሚሰጥበት ሳምንት ነው፣ ከተማው በሙሉ ስለ እሷ ያወራል፣ ስሟን ሳይጠራ ይፈርድባታል።

እኔ በዚህ አድማ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ይሄ ነው። ተጫዋቾቹ ስለ ፍትሐዊ ሂደት ያነሱት ነገር ትልቅ እውነት ነበረበት፣ ወደፊትም የሚያስፈልግ ጥያቄ ነው። ግን ፍትሐዊ ሂደት የሚባለው ነገር ለሁለት ሰው ነው፣ ላመለከተውም ለተከሰሰውም። ቅዳሜ የተባለው ሐሙስ ቢባል ኖሮ፣ «ምን እንደተፈጠረ አናውቅም፣ ያመለከተችው ተማሪ ልትሰማ ይገባል፣ ጓደኞቻችንም ሊሰሙ ይገባል» ብለው ቢጀምሩ ኖሮ፣ ጥያቄያቸው ይጠነክር እንደሆነ እንጂ አይደክምም ነበር። እገዳው ካልተነሳ አንጫወትም ማለት ግን ችሎት ስጡን ማለት አይደለም፣ ውጤቱን አስቀድማችሁ ስጡን ማለት ነው።

ከሚዙሪው አድማ በምን ይለያል?

ብዙ ሰው ያመሳስላቸዋል። በኖቬምበር 2015 የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች በግቢው ያለውን ዘረኝነት ተቃውሞ የረሃብ አድማ ላይ ለነበረ ተማሪ ድጋፍ ሜዳ አንወጣም አሉ። ጨዋታው ቢቀር ዩኒቨርሲቲው 1 ሚሊዮን ዶላር ይከፍል ነበር። ፕሬዚዳንቱ ቲም ዎልፍ በቀናት ውስጥ ለቀቀ። የሚኒሶታ ልጆች ሲያድሙ ይህ ከተፈጠረ አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ነበር ያለፈው፣ የኮሌጅ ተጫዋች ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ አይተዋል።

ልዩነቱ ሚዙሪዎች የቆሙት ተበደልኩ ካለው ወገን ጋር ነው። ሚኒሶታዎች የቆሙት በደል ፈጽመዋል ከተባሉት ጋር። ሁለተኛው ስህተት ነው አልልም፣ የተከሰሰም ሰው ጎኑ የሚቆም ያስፈልገዋል። ግን በዚህኛው ጊዜ ጥንቃቄው እጥፍ ነው።

በአድማው ምክንያት ሊቀጡ ይችሉ ነበር?

እንደ ሠራተኛ አድማ የሚጠብቃቸው ሕግ አልነበረም። በኦገስት 2015 የአሜሪካ የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች የሠራተኛ ማኅበር እናቋቁም ያሉትን ጥያቄ አላይም ብሎ መልሷል። ስለዚህ የያዙት ትልቁ ጋሻ ብዛታቸው ነበር፣ ሁሉንም በአንዴ መቅጣት አይቻልም።

ሁሉም ቡድን እንዲህ ነው የሚያደርገው?

አይደለም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ሃርቫርድ የወንዶች እግር ኳስ ቡድኑን ውድድር ከመሃል አቋረጠበት። ምክንያቱ ተጫዋቾቹ የሴቶች ቡድን አባላትን ገላ እያዩ ነጥብ የሚሰጡበት አስነዋሪ ጽሑፍ ለዓመታት ሲቀባበሉ መገኘታቸው ነው። ቡድኑ ያኔ በሊጉ እየመራ ነበር። አድማ አልመቱም፣ በጽሑፍ ይቅርታ ጠየቁ። እርግጥ እዚያ ጽሑፉ ራሱ ማስረጃ ነበር፣ የሚያከራክር ነገር አልነበረም። ሚኒሶታ ላይ ግን ሁለት ወገን ሁለት ነገር ነው የሚለው።

በመጨረሻ ምን ሆነ?

ቡድኑ ሳንዲዬጎ ሄዶ ዋሽንግተን ስቴትን 17 ለ 12 አሸነፈ። ዘጠነኛ ድሉ ነበር፣ ቡድኑ ከ2003 ወዲህ ያን ያህል አሸንፎ አያውቅም። ጃንዋሪ 3 ቀን 2017 ክሌይስ ተባረረ። ኮይል የተጫዋች ምልመላን፣ የቲኬት ሽያጭንና የቡድኑን ባህል በምክንያትነት አነሳ። በሦስት ቀን ውስጥ ፒ ጄ ፍሌክ አዲስ አሰልጣኝ ሆኖ ተቀጠረ።

ዐቃቤ ሕጉ ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ መዝገቡን እንደገና አየው፣ ዲሴምበር 30 ላይም መልሱን አልቀየረም። የዩኒቨርሲቲው ችሎት ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ተካሄደ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ውሳኔ አልተሰጠም፤ የተባረሩ አሉ፣ ነፃ የተባሉና ወደ ሜዳ የተመለሱም አሉ። ይህን ልብ በሉልኝ። አስሩ ሐሙስ ዕለት እንደ አንድ ሰው ነበር የተወራላቸው፣ ለየብቻ ሲታዩ ግን ጉዳያቸው የተለያየ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ ተጫዋቾች በዘርና በፆታ አድልዎ ተደርጎብናል ብለው ዩኒቨርሲቲውን በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገው፣ በ2021 ግን የስምንተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የፆታ አድልዎውን ክፍል መልሶ አስነሳው።

ዛሬ ቢሆንስ?

ሕጉ ተለዋውጧል። የ2011ዱ ደብዳቤ በ2017 ተነሳ። በ2020 በወጣው ደንብ ኮሌጆች ሁለቱም ወገን በአማካሪ በኩል መስቀለኛ ጥያቄ የሚጠይቅበት ችሎት እንዲያካሂዱ ግዴታ ሆነ። በ2024 ሌላ ደንብ ወጣ፣ በጃንዋሪ 2025 ፍርድ ቤት ሻረው፣ ወደ 2020ው ተመለሱ። ተጫዋቾቹም ተለውጠዋል፤ ከ2021 ጀምሮ በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ መሥራት ይችላሉ፣ ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ ሊከፍሏቸው ተፈቅዷል። ዛሬ አንድ ቡድን ቢያድም የሚጠፋው ብር ከያኔው ይበልጣል፣ ጫናውም እንደዚያው።

ልጄ በኮሌጅ ቡድን ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ ምን ልበለው?

ልጅህ የተከሰሰው ከሆነ የደረሰውን ደብዳቤ በሙሉ አንብቡት። ቀነ ገደብ አለበት። አማካሪ የመያዝ መብት አለው፣ ጠበቃም ሊሆን ይችላል፣ እና የአሰልጣኙ ምክር የጠበቃ ምክር አይደለም። ካመለከተችው ልጅ ጋር በስልክም፣ በጓደኛም፣ በምንም አይገናኝ። የፖሊሱ ጉዳይ ቢዘጋም የግቢው ጉዳይ ሊቀጥል እንደሚችል ከመጀመሪያው ይወቅ። የሚኒሶታ ልጆች ይህን ያወቁት በመጨረሻ ነው።

ልጅህ ያመለከተችው ከሆነች ፖሊስና ዩኒቨርሲቲ ሁለት የተለያየ በር መሆናቸውን ንገራት። አንዱን ወይም ሁለቱንም ማንኳኳት ትችላለች። ቤት ውስጥ «ስም ይጠፋል» ብሎ ዝም ማሰኘት በኛ ዘንድ የተለመደ ነው፣ እባካችሁ ይቅር።

ጓደኛው የታገደበት ከሆነ ደግሞ፣ ሄዶ ይጠይቀው፣ አብሮት ይብላ፣ ችሎቱ ድረስ ይሸኘው። ካሜራ ፊት ከመቆሙ በፊት ግን የሚናገረውን ጽሑፍ አንዲት የሚያምናት ሴት፣ እህቱም ብትሆን፣ ታንብብለት።